የመልካው ጌታ እግር

ይህ የምነግራችሁ አገር ሩቅ ነው። ዙሪያውን ባሕር የከበበው፣ ጉም የማይለየው አገር ነው። መንገዱን አትጠይቁኝ፤ አላውቀውም። እንደሰማሁት እናገራለሁ። ጨመርክ የሚለኝ ካለ መጀመሪያ የራሱን ደጃፍ ዞር ብሎ ይይ።

በዚያ አገር መልካ የሚባል መንደር ነበር። መልካ ማለት ወንዝ በእግር የሚሻገሩበት ቦታ ነው። መንደሩም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። አንድ ዘመን የአገሩ ንጉሥ በጦርነት ተሸንፎ ሲሸሽ ወንዙ ዳር ደረሰ። ፈረሱ ሞቶበታል። ወንዙ ሞልቷል። እዚያ አንድ በግ አሻጋሪ ነበር፤ የሰው በግ እየተሸከመ የሚያሻግር፣ በዚያም የሚኖር ሰው። ንጉሡን እንደ በግ አዝሎ አሻገረው። ንጉሡ ማዶ ሲወርድ እግሩን አየ፤ ደረቅ ነው።

«እግሬን ውሃ አላስነካህም። አንተ፣ ልጅህ፣ የልጅ ልጅህም የመልካው ጌታ ተባሉ» አለው።

እስከዚህ ክፋት የለበትም። ሰው ሠራ፣ ተሸለመ። የሠራ ይሸለም። ክፋቱ የጀመረው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የመልካው ጌታ የበግ አሻጋሪው የበኩር ልጅ ነበር። እሱ ማንንም አሻግሮ አያውቅም። በግ ይሸተኛል ይል ነበር። ጌትነቱ በሰው ፊት እንዲታወቅለት ፈለገና ዘር ቆጣሪዎቹን አስጠራ። ዘር ቆጣሪ ማለት በዚያ አገር ማን ከማን እንደተወለደ የሚያውቅ፣ ከዚያ ሌላ ምንም የማያውቅ ሹም ነው። እነሱም «አባትህ እንዳዘለ አንተም እዘል» ሊሉት ሲገባ «ንጉሡ እንደታዘለ አንተም ታዘል» አሉት። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ያዘለው ሰው ልጅ ታዘለ። ማዘሉ ለመንደሩ ተረፈ።

ሦስተኛው ፈሪ ነበር። ሲታዘል እንዳይጥሉት ሰጋና ደንብ አወጣ። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ አዲስ ጌታ ሲሾም በመልካው ላይ ይታዘላል፤ ውሃው እስከሚያዝለው ሰው ጉልበት ይድረስ። የጌታው እግር ውሃ ከነካው ማዕረጉ ሰጠመ፤ ዳግም አይነሣም። ያራሰው ሰው ደግሞ የቤቱ ጣሪያ ይፍረስ፤ የሚያልፍ የሚያገድም ሁሉ አይቶ የሰጠመውን ማዕረግ ያስታውስ።

አራተኛው ዋናው ከተማ ወርዶ በዚያው ቀረ። በትልልቆቹ ሸንጎ ውስጥ ወንበር ነበረውና እዚያ ይተኛ ነበር። ሸንጎ ላይ መተኛት በዚያ አገር በውርስ የሚገኝ መብት ነው።

በአምስተኛው ዘመን ተራራው ተናደና ወንዙ መንገዱን ለወጠ። ከኮረብታው ወዲያ ማዶ ዞሮ ይፈስ ጀመር። የድሮው መሄጃ ደርቆ ፍየል የሚግጥበት ሆነ። ለመንደሩ ግን ደግ ሆነለት፤ አዲሱ ወንዝ በማሳቸው በኩል አለፈና መስኖ ጠልፈው ገብስ ማብቀል ጀመሩ። አምስተኛው ጌታ ይህን ሲሰማ ወንዙን ከሰሰው። ሳቅ አይደለም፤ ከሰሰው። ወንዙ በአደባባይ በአዋጅ ተጠራ። አልቀረበም። በሌለበት ተፈረደበት። ፍርዱም «ወንዙ በቦታው እንዳለ ይቆጠር» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጌታ በተሾመ ቁጥር መንደርተኛው አዲሱን ወንዝ ይገድባል፤ ውሃውን ወደ ደረቁ መሄጃ ይመልሳል። ጌታው ይታዘላል። ድግሱም አንድ ወር ያህል፣ አሮጌ ጨረቃ አልቃ አዲስ ጨረቃ እስክትወጣ ይቆያል። ድግሱ እስኪያልቅ ግድቡ አይነካም። ማሳው ምን ይጠጣ ብሎ የጠየቀ ሹም የለም።

አምስተኛው ወንድ ልጅ አልነበረውም። ሴት ልጅ ነበረችው። መንደሩ ውስጥ ያደገች፣ የማሳውን ድንበር የምታውቅ፣ ከመስኖው ዳር ዛፍ ያስተከለች ሴት ናት። ሰው ይወዳት ነበር። ዘር ቆጣሪዎቹ ግን «ማዕረግ በወንድ ደም ብቻ ይሄዳል» አሉና አለፏት። ወንድ ደም ፍለጋ ባሕር ተሻገሩ፤ አላገኙም። ያን ጊዜ «ማዕረጉ ተኝቷል» ተባለ። ባዶ ወንበር ከከተማ በበቅሎ ተጭኖ መጣ። መንደርተኛው ለወንበሩ ግብር አገባ። አንድ ትውልድ ሙሉ ለእንጨት ገበሩ። በኋላ የዘመኑ ንጉሥ አዳኝ ውሾቹን ለሚያሳድግለት ሰው ማዕረጉን ቀስቅሶ ሰጠው። ያ ሰው ከበግ አሻጋሪው ጋር በደምም በሥጋም አይገናኝም። ስለዚህ ስድስተኛ አላሉትም። ቁጥሩን እንደገና ጀምረው «አንደኛ» አሉት። ቁጥሩ እንደ አዲስ ሲጀመር የመንደሩ ዕዳ ግን እንደ አዲስ አልተጀመረም። የድሮው እንዳለ ቀጠለ።

ከአዲሱ አንደኛ በኋላ አዲሱ ሁለተኛ መጣ። እሱም አርጅቶ በከተማው አልጋ ላይ ሞተ። የምነግራችሁ ነገር የተፈጸመው ያን ጊዜ ነው።

የመንደሩ ሰው ራሱም ጥፋት ነበረበት። ይህን ሳልናገር ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ጌታውን ማዘል ክብር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ያዘለ ሰው «ጀርባው» ይባላል። ልጁ ሠርግ ቤት ከፊተኛው መደብ ይቀመጣል። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ «የማን አባት ያዘለ ነው?» ይባባላሉ። የሚቆረቁራቸውን ቀንበር እንደ ሽልማት አንጠልጥለውት ኖሩ።

ደርሶ የሚባል ገበሬ ነበር። ብዙ አይናገርም። አባቱ ያለፈውን ጌታ ያዘሉ ሰው ናቸው። በዚያ ዓመት ደርሶ ገና ልጅ ነበር፤ ታናሽ እህቱ ዝናሽ ደግሞ መዳህ ትታ መራመድ ጀምራ ነበር። ድግሱ እስኪያልቅ ውሃው ታገደ። ገብሱ ሳያፈራ ደረቀ። ዝናሽ ያን ክረምት አላለፈችም። አባቱ ሠርግ ቤት ከፊተኛው መደብ ተቀመጡ፤ እህል ግን አፋቸው አልገባም። እስኪሞቱ ድረስ ማንም «ጀርባው» ብሎ ሲጠራቸው አንገታቸውን ይደፉ ነበር።

አሁን ደግሞ ገብሱ ፍሬ ሊይዝ በተቃረበ ጊዜ ዘር ቆጣሪው በበቅሎ መጣ። ወታደሮች አጅበውታል። ካባ የያዘ ሳጥን አስጭኗል፤ ጠርዙ በነጭ አውሬ ቆዳ የተከፈፈ ቀይ ካባ ነው፣ በሐሩርም ቢሆን የሚለበስ። መንደርተኛውን በግራሩ ሥር ሰበሰበና ገመድ አውጥቶ የወንዶቹን ጀርባ ይለካ ጀመር። እኛ በሬ ስንገዛ የምናደርገውን ማለት ነው። በሬ ግን ሲለካ ተከበርኩ አይልም።

ደርሶ ጋ ሲደርስ «ትከሻህን ዘርጋ» አለው።

«እኔ የቆምኩት ስለ ትከሻዬ አይደለም፣ ጌታዬ። ስለ ገብሱ ነው።»

«ገብስ በእኔ ሥራ ውስጥ የለም።»

«ፍሬ ሊይዝ ነው። ውሃው ለጥቂት ቀን ቢቀርበት ይችለዋል። ድግሱ እስኪያልቅ ከቀረበት ግን የምናጭደው ገለባ ነው። ሁለት ሳምንት ይታገሡን። ከዚያ ወዲያ ወንዙን እኔው ራሴ እገድብልዎታለሁ።»

«ማዕረግ ባዶውን አያድርም» አለ ዘር ቆጣሪው።

እማማ ሙናዬ የሚባሉ አሮጊት ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው ነበር። የወንበሩን ዘመን ሲያወሩ የሰሙ ሰው ናቸው።

«ኧረ አድሯል፣ ልጄ» አሉ። «እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ለወንበር ገብራለች። እንዲያውም ከሁሉም የተሻለው ጌታ እሱ ነበር ትል ነበር። እዘሉኝ አይልም፣ አይደግስም፣ ቢበዛ ምስጥ ይበላዋል።»

ሰው ሳቀ።

ዘር ቆጣሪው ፊቱ ቀላ። «መተኛትና ባዶ መሆን ይለያያል፣ አሮጊት። ያን ጊዜ ማዕረጉ ተኝቶ ነበር።»

«ለእናንተ ይለያያል። የምትተኙ እናንተ ናችሁ። እኛ ግብሩን ነው የምናስበው።»

ዘር ቆጣሪው ገመዱን በደርሶ ጀርባ ላይ ዘረጋ፣ ቋጠሮውን አየ፣ «ይሄ ነው። እንደ አባቱ ነው» አለ። ጎረቤቶቹ እልል አሉ። ግማሾቹ እጁን ጨበጡት። ከሳቁት ሰዎች መካከል እልል ያሉም ነበሩ። ሰው እንዲህ ነው።

ደርሶ ቤቱ ገባ። ሚስቱ እናትፈንታ ወሬውን ቀድማ ሰምታለች። ደጃፉ ላይ ቆማ ጣሪያውን ቀና ብላ ታይ ነበር። ባለፈው በጋ በአዲስ ሣር የከደኑት ነው።

«እንኳን ደስ አለህ ልበልህ?» አለችው።

«አትበይኝ።»

«ምን ልታደርግ ነው ታዲያ?»

 እሷ የባሏን ዝምታ ታውቀዋለች፤ በዝምታው ውስጥ ያለውን አሳብ እንደ ጥሬ ታበጥረዋለች።

«ጌታውን ውሃው ውስጥ ልታወርደው ነው» አለች።

«ማዕረጉ ከሰጠመ ድግስ የለም። ድግስ ከሌለ ግድቡ ያን ቀን ይፈርሳል።»

«ጣሪያችንም ይፈርሳል።»

«አዎ። ልጆቹ አሉ። ስለዚህ አንቺን ሳልጠይቅ አላደርገውም።»

እናትፈንታ ጣሪያውን እንደገና አየችው። ከዚያ ዓይኗን ወደ ማሳው መለሰች።

«ጣሪያ በሣር ይሠራል» አለች። «ገብስ በምን ይሠራል?»



መንደርተኛው አዲሱን ወንዝ ገደበ። ማሳዎቹ ተጠሙ። ደረቁ መሄጃ ውሃ ሲገባበት መጀመሪያ እየጠጣ አስቀረው፤ ኋላ ጭቃ ሆነ፤ በስተመጨረሻ ሞላ። ዘር ቆጣሪው በዘንግ እየለካ «ገና ነው፣ ጉልበት አልደረሰም» ይል ነበር። ገበሬው በአንድ ዓይኑ ዘንጉን፣ በአንድ ዓይኑ ገብሱን ያያል። ገብሱ ጫፉ መጠውለግ ጀምሮ ነበር። ውሃው ጉልበት ደረሰ በተባለ ማግስት አዲሱ ጌታ መጣ።

የሟቹ የወንድም ልጅ ነው። ጎልማሳ ነው፤ ሰውነቱ ከባድ ነው። መልካን አይቶ አያውቅም። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ ለሰላምታ እጁን ወዴት እንደሚዘረጋ የማያውቅ ሰው ነበር። ካባውን አለበሱት። ነጭ የሐር ጫማ አጠለቁለት። ሰው ሁሉ በሁለቱም ዳር ቆመ። ደርሶ ጎንበስ አለ፣ አዘለው፣ ውሃው ውስጥ ገባ።

ጌታው በጀርባው ላይ ሆኖ «አንተ ሰውዬ፣ ሩቅ ነው?» አለው።

«አይደለም፣ ጌታዬ።»

«አጎቴ ወንዙ ያስፈራል ብሎ ነግሮኝ ነበር። እምብዛም አያስፈራም።»

«ወንዙ እዚህ አይደለም፣ ጌታዬ። ከኮረብታው ወዲያ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ይሄ ገብሳችን ነው» አለ ደርሶ።

ጌታው ግራ ገባው። ውሃውን ወደ ታች አየ። ደርሶ መካከል ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ለምን ቆምክ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እግር አለዎት?»

«አለኝ እንጂ!»

«እንግዲያው ይቁሙበት።»

አልጣለውም። እንዳትሳሳቱ፤ አልጣለውም። ሕፃን እንደሚያወርዱ ቀስ አድርጎ አወረደው። ክንዱንም ይዞ እስኪረጋ ጠበቀው። ጌታው በውሃው ውስጥ ቆመ። ካባው ዙሪያውን ተንሳፈፈ።  «ይቀዘቅዛል» አለ።  ራሱ ተራምዶ ማዶ ወጣ። ጫማው ጨቅ ጨቅ ይል ነበር።

ዘር ቆጣሪው ሮጦ ካባውን በእግሩ ላይ ጎተተበት።

«ደረቅ ነው!» ብሎ ጮኸ። «የጌታችን እግር ደረቅ ነው! ድግሱ ተጀምሯል!»

ውሃ ከካባው ሥር እየወጣ በዘር ቆጣሪው ጫማ ላይ ይፈስ ነበር። ወታደሮቹም «ደረቅ ነው» አሉ። መንደርተኛው ዓይኑ አይቷል። ነገር ግን ጦር የያዘ ሰው ደረቅ ነው ሲል ርጥብ ነው ማለት ቀላል አይደለም። ከንፈራቸውን እየነከሱ ወደ ድግሱ ድንኳን ሄዱ። ግድቡ እንዳለ ቆመ። የጠወለገው ገብስም እንዳለ ቆመ።

በማግስቱ ማለዳ ደርሶ ወደ ድንኳኑ መጣ። መሰላል ተሸክሟል።

«ምን ፈለግህ?» አለው ዘር ቆጣሪው።

«ጣሪያዬን ሳታፈርሱ አደራችሁ። ደንቡ ይፈጸም ብዬ ነው።»

«የምን ደንብ?»

«የጌታውን እግር ያራሰ ሰው ጣሪያው ይፍረስ ይላል። ያራስኩት እኔ ነኝ።»

«አላራስክም። ደረቅ ነበር።»

«ርጥብ ነበር፣ ጌታዬ። አውቄ ነው ያራስኩት። ጥፋተኛ ነኝ።»

«ጥፋተኛ አይደለህም!» አለ ዘር ቆጣሪው። ላብ አጥምቆት ነበር። «ሂድ፣ ብላ፣ ጠጣ። ከፊተኛው መደብ ተቀመጥ።»

«አባቴ ተቀምጠውበታል። አልተመቻቸውም» አለና ደርሶ መሰላሉን ይዞ ተመለሰ።

ሰው ከድንኳኑ እየወጣ ተከተለው። ደርሶ መሰላሉን ከቤቱ ግድግዳ አስደግፎ ወጣ። የመጀመሪያውን የሣር እስር ነቀለና ወረወረ። እናትፈንታ ከታች ሆና ተቀበለች። ልጆቿንና ዕቃዋን ጎረቤት ቤት አስገብታለች። ዘር ቆጣሪው እየሮጠ ደረሰ።

«አቁም! ከዚያ ውረድ! ማን ፈቀደልህ?»

«የሦስተኛው ጌታ ደንብ።»

«ወታደሮች፣ ጣሪያውን ጠብቁ!»

እንግዲህ ይህን አስቡት። ወታደር የገበሬን ጣሪያ ሲያፈርስ ሁላችንም እናውቃለን። የዚያን ቀን ግን ወታደሮቹ የወደቀውን ሣር እያነሡ ወደ ላይ ይወረውሩ ነበር። ደርሶ ይነቅላል፣ እነሱ ይመልሳሉ። ሣሩ መልሶ በራሳቸው ላይ ይወርዳል። አንዱ ወታደር ጦሩን ጥሎ የሣር እስር አቅፎ ቆመ።

እማማ ሙናዬ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀረቡ።

«አንተ ዘር ቆጣሪ» አሉት። «የሰው ጣሪያ እንዲህ ያሳዘነህ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ጥፋት ያላጠፋ ሰው ጣሪያው አይፈርስም፣ አሮጊት!»

«ካላጠፋ ተወው፤ የራሱ ሣር ነው፣ የፈለገውን ያድርግበት። ካጠፋ ደግሞ ይፍረስ። ከሁለቱ አንዱን ንገረንና እኛም እናግዝህ።»

ዘር ቆጣሪው አንዱንም አልተናገረም። መናገር አይችልም ነበር። ይፍረስ ቢል ማዕረጉ ሰጥሟል። ተወው ቢል ሰው ሁሉ የፈረሰውን ጣሪያ ያያል፤ ባየም ጊዜ በደንቡ መሠረት የሰጠመውን ማዕረግ ያስታውሳል። ያችን ደንብ ያወጣት ራሱ ሦስተኛው ጌታ ነው። ፈሪ ያጠረው አጥር ራሱን መውጫ አሳጣው።

በዚህ መካከል አንድ ጎረቤት ሁለተኛ መሰላል አመጣ። ያ ሰው ደርሶ ሲመረጥ እልል ካሉት አንዱ ነው። ቀና ብሎ ወታደሩን ሳያይ ወጣና ከደርሶ ጎን ይነቅል ጀመር። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሴቶቹ ሣሩን እየተቀበሉ ከወታደሮቹ እጅ ያርቁት ጀመር። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ቤቱ ግድግዳ ብቻ ሆኖ ቀረ። ከላይ ሰማይ ይታያል።

ደርሶ ወረደ። እጁን አራገፈ።

«ጣሪያው ፈርሷል» አለ። «ማዕረጉ ሰጥሟል። ግድቡ ለማን ነው የቆመው?»

ማንም መልስ አልጠበቀም። ሰው ሁሉ ዶማውን ያዘ። ወታደሮቹ ቆመው አዩ፤ ጣሪያ ጠብቁ እንጂ ግድብ ጠብቁ አልተባሉም። አዲሱ ጌታ በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ጫማውን በእሳት ዳር ያደርቅ ነበር። ሲያልፉ አያቸው፤ ዘር ቆጣሪው «ይከልክሏቸው፣ ጌታዬ» እያለ ሲለምነው፣ ጫማውን ገልብጦ አየና «ገና አልደረቀም» አለ። ግድቡ ፈረሰ። ውሃው ወደ ገብሱ ሄደ።

ያ ዓመት አዝመራው እንደወትሮው አልነበረም። ከማሳው ዳር ያለው ገብስ ሞቷል። መካከሉ ግን አፈራ። ክረምቱን ያላለፈ ልጅ በመንደሩ አልነበረም። እኔ ይበቃኛል የምለው ይህን ነው።

በዋናው ከተማ ግን ያ ሰው አሁንም የመልካው ጌታ ይባላል። ካባው ታጥቦለታል። ሸንጎ ላይ ወንበር አለው፤ ይተኛበታል። ልጁም ከሱ ይወርሳል። የሰጠመውን ማዕረግ በደረቅ ከተማ ያንሳፍፉታል። ይህ ያናድዳል። ያናድድ፤ እኔም ስሰማ ተናድጃለሁ፣ ስናገረውም ተናድጃለሁ። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ገመድ የያዘ ዘር ቆጣሪ ጀርባ ልለካ ብሎ መልካ ሲመጣ፣ መንደርተኛው ቃል አይመልስለትም። እጁን ይዘው ወደ ደርሶ ግቢ ይወስዱታል። ደርሶ ከጎኑ ሌላ ቤት ሠርቷል። የድሮውን አልከደነውም። ግድግዳው ብቻ፣ በላዩ ሰማይ። ሹሙ ቀና ብሎ ያያል። ገመዱን ጠቅልሎ ይመለሳል።

የሰማሁት ይኸው ነው። ጣሪያ ያለው ወደ ጣሪያው ይግባ። የታዘለም ካለ እግሩን ይመልከት።